የሐዘን ፊልም ላይ እንባን የሚያደርቁ ስህተቶች

ተዋናይ ስላለቀሰ ተመልካች አያለቅስም። የፍቅርና የሐዘን ድራማ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ገና ስክሪፕቱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ፍቅርን በንግግር ብቻ መጨረስ ነው። "ያላንቺ መኖር አልችልም" ብቻ ሲል የኖረ ገጸ ባሕርይ ቢሞት ተመልካቹ ምኑን ይናፍቅ? ልማድ ስጡት፤ ለምሳሌ በረካውን ሳይጠጣ ከቡና የማይነሳ ሰው ይሁን። ይህን ከሞቱ በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ እግረ መንገዳችሁን አሳዩ። ከለቅሶው በኋላ በረካ ሲቀዳ ጉድለቱን ተመልካቹ ራሱ ያየዋል።

መርዶን በስልክ ማርዳትና ስልኩን ከእጅ መጣል እጅግ የተለመደ፣ እጅግም የሚጎዳ ስህተት ነው። በባህላችን ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ ማለዳ፣ ሰው ከቤት ሳይወጣ ይደርሳል። ውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድም ተሰብስቦ ቤት ድረስ ሄዶ ማርዳት አልቀረም። በሩን የከፈተችው ሴት አክስቷን፣ ጎረቤቷንና የሰፈሩን ሽማግሌ በዚያ ሰዓት አንድ ላይ ስታይ ማንም ሳይናገር ይገባታል። የትዕይንቱ ኃይል ያለው በሩ ከተከፈተበት እስከ መጀመሪያው ቃል ባለው ጊዜ ስለሆነ እዚያ ላይ አትቁረጡ። ካሜራው አርጂዎቹን ትቶ የእሷ ፊት ላይ ይቆይ።

የለቅሶ ሥርዓት ሲሳሳት አገሬው ወዲያው ከፊልሙ ይወጣል። ሐዘንተኛ ነጠላዋን ትዘቀዝቃለች፤ እንደ በዓል አትለብሰውም። የክርስቲያኑን ሰልስትና ተዝካርም ሙስሊም ቤተሰብ ላይ አትጫኑ።

ቀረጻ ላይ ከሩቅ ጀምሮ ወደ ቅርብ መምጣት ልማድ ነው፤ ለልቅሶ ግን አይሆንም። ተዋናይዋ ከጥቂት ድግግሞሽ በኋላ ስሜቷ ስለሚደክም የፊቷን ቅርብ ቀረጻ አስቀድሙ፤ ከተቻለ በሁለት ካሜራ። ግሊሰሪን ጉንጭ ላይ ጠብታ ይሠራል እንጂ ዓይን አያቀላም። ከታችኛው ሽፋሽፍት ዝቅ ብሎ በጥቂቱ የሚቀባ ሜንቶል እውነተኛ እንባ ያመጣል፤ ዓይን ውስጥ ግን እንዳይገባ።

ሙዚቃው ከተዋናይዋ ቀድሞ ማልቀስ የለበትም። ዋሽንቱ ከመርዶው በኋላ ይግባ። በየቦታው ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የክፍሉን ድምፅ ቢያንስ 30 ሰከንድ ቅረጹ፤ አለዚያ ኤዲቲንግ ላይ ዝምታው ይቆራረጣል።

ከቀብር በቀጥታ "ከአንድ ዓመት በኋላ" ወደሚል ጽሑፍ መዝለል ደግሞ የፊልሙን ልብ መጣል ነው። ሐዘን የሚከብደው ድንኳኑ ፈርሶ፣ የእድሩ ወንበር ተመልሶ፣ ለቀስተኛው ሲበተን ነው። የሟች ልብስ ለማን ይሰጥ? የቤት ኪራዩን ማን ይክፈል? ለልጁ ማን ይንገረው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥቂት የማይባል የስክሪፕት ገጽ ስጧቸው።

ትዝታ ለማሳየት ተመልካቹ ያየውን ቀረጻ አትድገሙ። ሟቹን የሚጫወተው ተዋናይ ሥራውን ጨርሶ ከመሄዱ በፊት ሌላ ቦታ ያልገቡ 2 ወይም 3 አጫጭር ትዕይንቶች ቀርጻችሁ አስቀምጡ።