«እኔ እኮ ፖሊስ ነኝ አላልኩም»፦ የፖሊስ መብራት ገጥሞ መንዳትና ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ማታ ነው፤ መንገዱ ተጨናንቋል። አንድ ወጣት ዳሽቦርዱ ሥር የደበቃትን ማብሪያ ይጫናል። ከፊት መስታወቱ ጀርባ የተለጠፈችው መብራት በቀይና በሰማያዊ ብልጭ ድርግም ትላለች። ከፊቱ ያለው መኪና ትንሽ ያመነታና ፍሬቻ አሳይቶ ዳር ይይዛል። ሹፌሩ ሞተር ያጠፋል፤ መስኮት ያወርዳል፤ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ልጁ እየሳቀ አልፎት ይሄዳል።

ሁሉም ነገር ሃያ ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ልጁን ብትጠይቁት «መንገድ አስለቀቅኩ» ይላችኋል። ዐቃቤ ሕጉን ብትጠይቁት ግን ሌላ ነገር ነው የሚያየው፤ አንድ ሰው የመንግሥት ሥልጣን የመጣበት መስሎት ታዟል። ያ ሥልጣን የልጁ አልነበረም።

ከዚህ በታች ያሉት በዚህ ጉዳይ ላይ ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱባቸው ነገሮች ናቸው። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ አንቀጽ በጠቀስኩበት ቦታ የየትኛው አገር እንደሆነ አብሬ እናገራለሁ።

«አንድ ቃል አልተናገርኩም» ብሎ መተማመን

ይኼ የሁሉም እናት ነው። ሰው ፖሊስ መምሰል ሲባል የሚታየው ዩኒፎርም ለብሶ፣ ባጅ አውጥቶ «ፖሊስ ነኝ» የሚል ሰው ነው። ሕጉ ግን አፍ ብቻ አይደለም የሚያዳምጠው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የፖሊስ አዋጅ አንቀጽ 90 ለማታለል አስቦ ፖሊስ ነኝ ያለን ብቻ አይቀጣም። ፖሊስ ነው የሚያስብል ማንኛውንም ድርጊት የፈጸመንም እኩል ይቀጣል፤ እስከ 6 ወር እስራት። ድርጊት ነው ያለው። መብራት ማብራት ደግሞ ድርጊት ነው።

እስኪ ከሌላው ሹፌር ወንበር ላይ ሆናችሁ እዩት። ከኋላችሁ ሰማያዊ መብራት ሲበራ ማን ነው ብላችሁ አትጠይቁም። ልባችሁ ይመታል፤ ፍጥነት ትቀንሳላችሁ፤ መንጃ ፈቃዳችሁ የት እንዳለ ታስባላችሁ። መብራቱ ተናግሮ ጨርሷል። ስለዚህ «አልተናገርኩም» የሚለው መከራከሪያ ውሃ አያነሳም።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። መብራቱን መግጠም ወይም ማብራት አንድ ጥፋት ነው፤ ፖሊስ መምሰል ደግሞ ሌላ። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛትን ብንወስድ፣ የግል መኪና ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ሰማያዊ መብራት መጠቀም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ እስከ 1 ዓመት ያሳስራል። ፖሊስ መስሎ መንቀሳቀስ ግን እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 5,000 ዶላር መቀጮ ያለበት ከባድ ወንጀል ነው። አንድ ማብሪያ ተጭኖ በሁለቱም መከሰስ ይቻላል።

«የሚሸጥ ነገር ከሆነ ይፈቀዳል» ማለት

ኦንላይን ገበያ ላይ እነዚህ መብራቶች እንደ ስልክ ቻርጀር በቀላሉ ይገኛሉ። ማዘዝ ነው፤ ይመጣል። ሰውም «ክልክል ቢሆን ኖሮ መች ይሸጥ ነበር?» ይላል። ሻጩ ግን ራሱን ጠብቋል። ከምርቱ መግለጫ ታች በደቃቅ ፊደል «የአካባቢዎን ሕግ ያረጋግጡ» ወይም «ለሕዝብ መንገድ አይደለም» የሚል አለ። ያቺን መስመር ማንም አያነባትም። በብዙ ቦታ መሸጡም መግዛቱም ችግር የለውም፤ ችግሩ መኪናው ላይ ሲወጣ ነው የሚጀምረው።

«ገጥሜዋለሁ እንጂ አላበራሁትም» የሚሉም አሉ። የእንግሊዝ የተሽከርካሪ መብራቶች ደንብ (እ.ኤ.አ. 1989) ለዚህ መልሱን አስቀድሞ አዘጋጅቷል። የአደጋ ጊዜ አገልግሎት ከሚሰጡት ውጭ ያለ መኪና ሰማያዊ የማስጠንቀቂያ መብራት፣ ወይም እሱን የሚመስል ነገር፣ ሊገጠምበት አይችልም፤ ዕቃው ቢሠራም ባይሠራም። አምፑሉ የተቃጠለ ጌጥ እንኳ ጥፋት ነው ማለት ነው።

ቀለሙን እንደ ጌጥ ማየት

የመብራት ቀለም ቋንቋ ነው፤ ቋንቋው ደግሞ በየቦታው ይለያያል። በአብዛኛው አውሮፓ ሰማያዊ የፖሊስ፣ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ነው። ብርቱካንማ ቢጫው የብልሽት መኪና ጎታቾችና የመንገድ ሠራተኞች ነው። በአሜሪካ ግን ግዛት በተቀየረ ቁጥር ትርጉሙ ይቀየራል። ኒው ዮርክ ውስጥ ሰማያዊ መብራት የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ሠራተኛ በግል መኪናው የሚጠቀምበት ነው፤ አረንጓዴው ደግሞ የበጎ ፈቃድ አምቡላንስ ሠራተኛ። ያው ሰማያዊ ፍሎሪዳ ሲደርስ የፖሊስ ነው። በአንዱ ፈቃድ ያለው ሰው ድንበር ሲሻገር መብራቱን ካላወረደ ሳያስበው ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ የመብራት ጉዳይ የክብር ጉዳይም ሆኖ ያውቃል። ሩሲያ ውስጥ ባለሥልጣናት በሰማያዊ መብራት መንገድ ሲዘጉባቸው የተማረሩ ሹፌሮች እ.ኤ.አ. በ2010 ሰማያዊ የፕላስቲክ ባልዲ መኪናቸው ጣሪያ ላይ እያሰሩ ተቃውሞ ወጡ። ሕንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1 ቀን 2017 ጀምሮ የባለሥልጣናትን ቀይ መብራት ከነጭራሹ አስወርዳለች። እውነተኛ ባለሥልጣን እንኳ መብራቱን የሚነጠቅበት ዘመን ነው።

«ቀልድ ነበር» በሚለው መተማመን

ሕጉ የሚጠይቀው ሐሳብ ሰውን የመጉዳት ሐሳብ አይደለም። የሚጠይቀው፣ ያኛው ሰው እንዲታዘዝ ወይም እንዲያምን ማሰብን ነው። የቴክሳስ ሕግ ይህንን ፊት ለፊት ይናገራል። ሌላ ሰው ለሌለህ ሥልጣን እንዲገዛ አስበህ የመንግሥት ሠራተኛ ከመሰልክ፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት የሚያሳስር ከባድ ወንጀል ነው። ቀልዱ የሚያስቀው ደግሞ ሰውዬው ስላመነ ነው። ካላመነ ምኑ ያስቃል? ስለዚህ «እየቀለድኩ ነው» የሚለው ሰው ሳያውቀው እንዲያምንለት መፈለጉን ይመሰክራል።

ጓደኛ ከጎን ተቀምጦ በስልክ የሚቀርጸውን ነገር ደግሞ ምን እንበለው? ዐቃቤ ሕግ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አይመኝም። ሳቁ አለ፤ ማብሪያውን የሚጫነው እጅ አለ፤ ዳር የያዘው መኪና ታርጋም አለ። ከፊት ያለው መኪና ዳሽ ካሜራ ካለው ሁለተኛ ቅጂ ተገኘ ማለት ነው። አንዳንዴም ከፊት ያለው ሹፌር ከሥራ የወጣ፣ ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ይሆናል። እንዲህ ያለ ዜና በተለያየ አገር ደጋግሞ ይሰማል፤ እጅ ከፍንጅ ማለት ይኼ ነው።

አንድ እርምጃ መጨመር

መብራት አብርቶ ማለፍ አንድ ነገር ነው። ማስቆም ሌላ ነው። ወርዶ «መንጃ ፈቃድ» ማለት ደግሞ ሌላ። ሰውየው «ቁም» የተባለበትን ቦታ ለቆ መሄድ አልችልም ብሎ ካመነ፣ ያለ ሕግ ሰው መያዝ የሚል ክስ ሊመጣ ይችላል። አስቆሚው ገንዘብ ከተቀበለ ደግሞ ማጭበርበር ወይም ዝርፊያ ይሆናል። እያንዳንዷ እርምጃ ራሷን የቻለች ክስ ናት።

ፍሎሪዳ ውስጥ ፖሊስ መምሰሉ ሌላ ከባድ ወንጀል ለመፈጸም ከዋለ ጣሪያው ከ5 ወደ 15 ዓመት ይዘላል። በዚያ ወንጀል ሰው ከተጎዳ ወይም ከሞተ እስከ 30 ዓመት ይደርሳል። ካናዳም ውስጥ ፖሊስ መምሰል እስከ 5 ዓመት ያሳስራል፤ ለሌላ ወንጀል መንገድ ለመጥረግ ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሲመዝን እንደ ማክበጃ እንዲያየው ሕጉ ያዛል።

ይህን ያህል ለምን ተከረረ የሚል ካለ የካናዳዋን ኖቫ ስኮሺያ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 እና 19 ቀን 2020 አንድ ሰው ከአገልግሎት ውጭ የሆነ የፖሊስ መኪና ገዝቶ፣ ስቲከርና መብራት አሟልቶ፣ ዩኒፎርም ለብሶ በ13 ሰዓት ውስጥ 22 ሰው ገደለ። መኪናው ከእውነተኛው ስለማይለይ፣ የሥራ ባልደረባውን መንገድ ዳር ይጠብቅ የነበረ ፖሊስ እንኳ «መጣች» ብሎ ሲያይ በጥይት ቆሰለ። ግዛቲቱ በቀጣዩ ዓመት የፖሊስ ዕቃዎችን መያዝና መሸጥ የሚገድብ ሕግ አወጣች። በአሜሪካዋ ሚኒሶታም እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2025 ሌሊት፣ የአደጋ ጊዜ መብራት ባለው መኪና ፖሊስ መስሎ የመጣ ሰው የምክር ቤት አባሏን ሜሊሳ ሆርትማንን ከነባለቤታቸው ገደለ። ዳኛ ፊት የሚቀርበው ቀልደኛ ልጅ ከእነዚህ ጋር አንድ አይደለም። ግን ዳኛው መብራቷን ሲያይ እነዚህም ይታዩታል።

አሮጌ የፖሊስ መኪናን እንዳለ መንዳት

በጨረታ የሚሸጡ የፖሊስ መኪናዎች ጠንካራና ርካሽ ናቸው፤ መግዛቱ በብዙ ቦታ ክልክል አይደለም። ስህተቱ ቀለሙን፣ የስቲከሩን ጥላና የመብራት መስቀያውን ሳያስለቅቁ መንዳት ነው። ካሊፎርኒያ የፖሊስ መኪና እንዲመስል የተቀባ መኪና መንዳትን ብቻ ሳይሆን ባለቤት መሆንንም ከልክላለች።

የግል ጥበቃ ሠራተኞችም እዚህ ጋ ይሳሳታሉ። ዩኒፎርሙና ፈቃዱ ለሚጠብቁት ግቢ ነው፤ መንገድ ላይ ሰው ለማስቆም አይደለም።

«መቀጮ ከፍዬ እገላገላለሁ» ማለት

ትንሹ ቅጣት መቀጮው ሊሆን ይችላል። መብራቱ ኤግዚቢት ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንድ ቦታ መኪናውም ይያዛል። ኢንሹራንሱ ያልተነገረው የመኪና ለውጥ መኖሩን ሲሰማ ዓይኑ ይቀላል። የወንጀል ሪከርዱ ደግሞ ሥራ በተፈለገ ቁጥር ይከተላል፤ በተለይ ሹፌርነት፣ ጥበቃና የመንግሥት ሥራ ላይ። በሰው አገር በቪዛ ወይም በመኖሪያ ፈቃድ ላለ ሰው ነገሩ የመቆየትና ያለመቆየት ጥያቄ ሊሆንም ይችላል። ይኼኛውን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጥፋቱን ካመነ በኋላ ነው።

ከተያዙ በኋላ ማውራት

ለእኔ ከሁሉም የሚያሳዝነው ይኼ ነው። ሰውዬው ይደነግጥና ነገሩን ለማቅለል ያወራል። «ኧረ እኔ እኮ ቸኩዬ ነው፤ መንገድ እንዲለቁልኝ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም።» በራሱ ቤት እየተከላከለ ነው። ፖሊሱ ግን እየጻፈ ነው። «መንገድ እንዲለቁልኝ» ማለት ሰዎች ፖሊስ መስያቸው እንዲታዘዙ ፈልጌ ነበር ማለት ነው። ዐቃቤ ሕጉ ለማስረዳት ሊለፋበት የነበረውን ሐሳብ በነጻ ሰጠው።

ሌላው ደግሞ እቤት ደርሶ ሽቦውን በጥሶ መብራቱን ቆሻሻ ገንዳ ይጥላል፤ ቪዲዮውን ያጠፋል። ምርመራ መጀመሩን እያወቀ ካደረገው ማስረጃ ማጥፋት የሚል ሁለተኛ ጣጣ ነው። የሚሻለው ስምን፣ መንጃ ፈቃድንና የመኪናውን ወረቀት በትህትና ሰጥቶ፣ ስለቀረው ነገር ጠበቃ ሳላማክር አልናገርም ማለት ነው። ተሟግቶ ማሸነፍ መንገድ ዳር አይሆንም።

ከኋላ መብራት የበራበት ሰው ስህተት

እስካሁን ያወራነው ስለሚያበራው ነው። የሚቆመውም ይሳሳታል፤ በሁለት ጫፍ። አንዱ ሰማያዊ ነገር ባየ ቁጥር ጭር ባለ ጨለማ ውስጥ ቆሞ በር ይከፍታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ። ሌላው «ሐሰተኛ ቢሆንስ» ብሎ ነዳጁን ይረግጥና ከእውነተኛ ፖሊስ በመሸሽ ይከሰሳል።

መሃሉ እንዲህ ነው። ፍጥነት ቀንሱ። አራቱንም ፍሬቻ አብሩ፤ አይቼሃለሁ፣ አልሸሽም እያላችሁ ነው። ብርሃንና ሰው ወዳለበት ቅርብ ቦታ በዝግታ ንዱ። በዚያው የአደጋ ጊዜ ቁጥር ደውሉና ያላችሁበትን መንገድ ተናግራችሁ እያስቆማችሁ ያለው መኪና የእነሱ መሆኑን ጠይቁ። ስትቆሙም በሩ እንደተቆለፈ ይሁን፤ መስኮቱን ድምፅ እስኪያሰማ ብቻ ዝቅ አድርጉ፤ መታወቂያ እንዲያሳያችሁ በትህትና ጠይቁ። በጥሬ ገንዘብ እዚሁ ክፈል ካላችሁ ደግሞ ጥርጣሬያችሁን ከፍ አድርጉት።

ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ «አዎ፣ የኛ ነው» ካለቻችሁ ሞተሩን አጥፉና እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉ። «በዚያ መንገድ ያሰማራነው መኪና የለም» ካለች ግን አትቁሙ፤ መስመሩን ሳትዘጉ፣ ወዴት እንደምትሄዱ እየነገራችኋት ቀጥሉ።