በጥቂት ወጪ ዝናብና ሸለመጥማጥ የማይደፍረው የዶሮ ቤት አሠራር

በደጋና በወይና ደጋ አካባቢ ዶሮን ከብርዱ ይበልጥ የሚጎዳት እርጥበት ነው። ላባዋ እስከደረቀ ድረስ የኅዳርን ውርጭ ትችላለች፤ ከወለሉ የሚነሣው እርጥበትና ከኩሷ የሚወጣው የሚሰነፍጥ ትነት በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲታመቅ ግን ዓይኗንና መተንፈሻዋን ያውካል። ስለዚህ አቅሙ ውስን የሆነ ሰው ያለውን ገንዘብ በጣሪያውና በወንፊት ሽቦው ላይ አውሎ፣ የቀረውን በድንጋይ፣ በጭቃና በባሕር ዛፍ ሊጨርሰው ይችላል።

ለ12 ዶሮዎች ርዝመቱ 2.5 ሜትር፣ ወርዱ 1.2 ሜትር የሆነ ቤት ይበቃል፤ ይህም ለአንድ ካሬ ሜትር 4 ዶሮ ማለት ነው። ወርዱ በዚህ ልክ የተወሰነው 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ ሳይቀጠል ከፊት እስከ ኋላ ደርሶ በሁለቱም በኩል 35 ሳንቲሜትር ያህል ክፈፍ እንዲተርፈው ነው፤ 4 ቆርቆሮም ጣሪያውን ይሸፍናል። አዲስ አበባ ላለ ሰው፣ ምናለሽ ተራ ጎራ ብሎ ያገለገለ ቆርቆሮ መፈለግ ብዙ ወጪ ያድናል፤ የድሮ ቀዳዳዎቹን በሬንጅ መድፈን እንዳይረሳ እንጂ።

ቦታው ጎርፍ የማያልፍበት፣ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ዝናቡ ከየት በኩል አዘውትሮ እንደሚመታ ለማወቅ የመኖሪያ ቤቱን ግድግዳ ማየት በቂ ነው፤ ምርጊቱ ታጥቦ ጭዱ ወደ ወጣበት አቅጣጫ የዶሮ ቤቱ ጀርባውን ይሰጣል። ሥራውም ጭቃው ከሰኔ በፊት ፈጽሞ እንዲደርቅ በበጋ መጀመር ይኖርበታል።

ስድስት ቋሚዎች ያስፈልጋሉ። ከመሬት በላይ የፊተኞቹ ሦስቱ 2 ሜትር፣ የኋለኞቹ ሦስቱ 1.7 ሜትር ሆነው 50 ሳንቲሜትር ያህል ይቀበራሉ። የሚቀበረው ጫፍ ልጡ ተልጦ በእሳት ከተለበለበ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከተቀባ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። ከዚያ በቋሚዎቹ ዙሪያ 30 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ካብ ይሠራል፤ ውስጡ በድንጋይና በጠጠር ተሞልቶ ይጠቀጠቅና ላዩ በጭቃ ይለሰናል። ይህ ካብ ቸል የሚባል አይደለም፤ ከመሬት ተፈናጥሮ የጭቃውን ግድግዳ እግር የሚበላውን የዝናብ ውሃ የሚያስቀረው እርሱ ነው፤ ሸለመጥማጥም ከሥር ሾልኮ እንዳይገባ ይከለክላል።

ማገሩ ከተመታ በኋላ፣ ከጭድ ጋር እየተረገጠ ለጥቂት ቀናት የቦካ ጭቃ ይመረግበታል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ስንጥቁ በእበትና በቀጭን ጭቃ ተለስኖ ይዘጋል። በፊት ለፊት በኩል ጭቃው 70 ሳንቲሜትር ላይ ቆሞ ከዚያ በላይ ያለው በሽቦ ይሸፈናል፤ ከኋላም ከጣሪያው ሥር አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ተትቶ ሽቦ ይመታበታል። ክረምት ሲገባ ይህን ክፍተት በጨርቅ የሚወትፉ ብዙ ናቸው፤ ለዶሮዋ በማዘን ቢሆንም የሚጎዳት ይኸው ነው። የፊቱ ሽቦ ግን ዝናብ በሚያዘንፍበት ጊዜ ብቻ ከማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ በሚጠቀለል መጋረጃ ቢሸፈን መልካም ነው። የሽቦው ቀዳዳ ከ1.5 ሳንቲሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ የተለመደው ሰፊ የዶሮ ሽቦ ዶሮን ይይዛል እንጂ አይጥን አያግድም።

ቆርቆሮው ሲመታ ሚስማሩ ከነጎማው በጉብታው ላይ ይሁን፤ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ የተመታ ሚስማር ውሎ አድሮ ማፍሰሱ አይቀርም። ከጣሪያው ጀርባ የሚወርደውን ውሃ የሚያርቅ ቦይም መቆፈር አለበት።

ቆጡ በቤቱ ርዝመት ልክ የሚዘረጋ፣ ውፍረቱ 5 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ድቡልቡል እንጨት ነው፤ ለአንዲት ዶሮ 20 ሳንቲሜትር ስለሚበቃ 12ቱም በአንዱ ላይ ይሰፍራሉ። ከወለሉ 60 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፤ እንቁላል የሚጥሉባቸው ሦስት መጣያዎች ደግሞ ከእርሱ ዝቅ ይበሉ፤ አለዚያ ዶሮዎቹ መጣያው ውስጥ እያደሩ እንቁላሉን ያቆሽሹታል።

ወለሉ ላይ 10 ሳንቲሜትር ያህል ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ይነጠፋል። ከጉዝጓዙ አንድ እፍኝ ወስዶ መጭመቅ ሁኔታውን ያሳያል፤ እጅ ሲከፈት ከተበተነ ደህና ነው፣ እንደ ሊጥ ተያይዞ ከቀረ ግን ወጥቶ በደረቅ መተካት አለበት፤ የሚያፈስ ቦታ እንዳለም ጣሪያውን መፈተሽ ያስፈልጋል።