ዛንዚባር ስቶን ታውን፦ በጥንታዊ ቤት ሆቴል ሲያርፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በስቶን ታውን የሚገኙት ምርጥ ትናንሽ ሆቴሎች ብዙዎቹ የድሮ ባለጸጋ ነጋዴዎች መኖሪያ ነበሩ። ከተማዋ በ1993 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበች ቤቶቹን እንደፈለጉ አፍርሶ መቀየር አይቻልም። ስለዚህ የቱንም ያህል ቢከፍሉ ከቤቱ ጋር መስማማት ያለብዎት እርስዎ ነዎት።

ሆቴሉን መርጦ ክፍሉን አለመምረጥ
ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ጣሪያውንና ወለሉን የተሸከሙት ቦሪቲ የሚባሉ የማንግሮቭ ግንዶች ናቸው። ግንዱ አጭር በመሆኑ ክፍሎቹ ረጅምና ጠባብ ሆነው ተሠርተዋል፤ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ሁለት ክፍል አይመሳሰልም። ከመክፈልዎ በፊት ያዩት ፎቶ የሚሰጥዎት ክፍል መሆኑን፣ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳለና መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ ይጠይቁ። ወደ ውስጠኛው ግቢ የሚያየው ጸጥ ያለ ቢሆንም ጨለም ይላል። የላይኛው ፎቅ የባሕሩን ነፋስ ያገኛል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ቤቶች ሊፍት የላቸውም፣ ደረጃቸውም ቀጥ ያለ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ወይም አባት አብረው ካሉ ምድር ቤቱን ወይም አንደኛ ፎቅን አስቀድመው ያስይዙ።

ታክሲው በር ድረስ ያደርሰኛል ማለት
ወደ ውስጠኞቹ ጠባብ መንገዶች መኪና አይገባም። የሚደርሱበትን ሰዓት ለሆቴሉ ይላኩና መኪናው ከሚቆምበት ቦታ ሻንጣ የሚሸከም ሰው እንዲጠብቅዎት ያድርጉ። በተለይ ማታ ከደረሱ ይህን አይዝለሉት፤ መንገዶቹ የለመደውንም ሰው ያሳስታሉ።

ኤሲ ከፍቶ መስኮት አለመዝጋት
ግድግዳው የኮራል ድንጋይና ኖራ ነው፤ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። ከግድግዳው የሚረግፈው ነጭ ዱቄት ይኸው ኖራ ስለሆነ የጽዳት ጉድለት አይደለም። ክፍሉን አብዝተው አቀዝቅዘው መስኮት ቢከፍቱ ግን የባሕሩ አየር ገብቶ አንሶላው ሳይቀር ይረጥባል። መስኮቱን ዘግተው ኤሲውን 24 ወይም 25 ዲግሪ ላይ ያድርጉት።

የንጋቱን አዛን መርሳት
መስጊዶቹ ቅርብ ናቸው፣ የሱብሂ አዛንም ጎህ ሳይቀድ ይሰማል። እንቅልፍዎ ቀላል ከሆነ የጆሮ መድፈኛ ይያዙ።

ወረቀትና ተጨማሪ ክፍያ
ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የውጭ ጎብኚ ሁሉ የዛንዚባርን የጉዞ መድን መግዛት ግዴታው ሆኗል፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። በሰውና በአዳር የሚሰላ ግብርም ስላለ፣ በክፍሉ ዋጋ ውስጥ መካተቱን ሆቴሉ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልዎት ያድርጉ።