ኮምፕሌክስ ቁጥርን ሜዳ ላይ ቆሞ መረዳት

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ሒሳብ ለምታጠኑ፦ የኮምፕሌክስ ቁጥሩ «አይ» (i) ካስቸገራችሁ፣ በራሱ ሲባዛ እንዴት ነጋቲቭ 1 እንደሚሆን ከመጨነቅ ይልቅ በ«አይ» ማባዛትን ወደ ግራ የሚደረግ የ90 ዲግሪ ዙር አድርጋችሁ ተመልከቱት። ጠዋት ሜዳ ላይ ፊታችሁን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙራችሁ ቁሙና ምሥራቅን 1 በሉት፤ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ስትዞሩ ሰሜንን፣ ማለትም «አይ»ን፣ ዳግም ስትዞሩ ደግሞ ምዕራብን፣ ማለትም ነጋቲቭ 1ን ታገኛላችሁ። በዚሁ መንገድ 3 እርምጃ ወደ ምሥራቅና 2 ወደ ሰሜን የሆነው 3+2አይ በ«አይ» ሲባዛ −2+3አይ ይሆናል፤ ይኸውም 2 እርምጃ ወደ ምዕራብና 3 ወደ ሰሜን ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ሜዳ ላይ አላስቆም ካላችሁ፣ ባለ ካሬ ደብተርም ይበቃል።