አንጎሉ የተጎዳ ልጅ ከሆስፒታል ሲወጣ የቤቱን ውሎ እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

ልጁ ይራመዳል፣ ያወራል፣ ጠባሳውንም ፀጉር ሸፍኖታል። ጠያቂው «እንኳን ተረፈ» ብሎ ይሄዳል። የቤተሰቡ ፈተና የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ከሆስፒታል ሳትወጡ የመድኃኒቱን፣ የቀጠሮውንና ወደ ትምህርት የሚመለስበትን መመሪያ በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል የተነገረ በዚያ ጭንቀት ውስጥ አይያዝም። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከዚያ አንድ ደብተር ያዙ። የስልክ መተግበሪያም አለ፣ እኔ ግን ደብተር እመርጣለሁ፤ አያትም ታላቅ እህትም ይጽፉበታል። ልጁ ሲቆጣ ሰዓቱን፣ በተለይ ደግሞ ከዚያ በፊት ሲያደርግ የነበረውን መዝግቡ።

ደብተሩ የሚያስፈልገው በድካም የተነሳ ነው። የተጎዳ አንጎል ዱሮ ሳይታሰብ ይከናወን ለነበረ ነገር ሁሉ ብዙ ጉልበት ያወጣል። ልጁ ግን «ደከመኝ» አይልም፤ ማንኪያ ይወረውራል፣ ይሳደባል። ከግንባር በስተኋላ ያለው የአንጎል ክፍል የስሜት ልጓም ነው፤ እሱ ሲጎዳ ቁጣው ከልጁ ቀድሞ ይወጣል። በዚያ ሰዓት ምክርም ዱላም ከንቱ ነው። ደብተሩን መለስ ብላችሁ ስታነቡ ግርግሩ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ከእንግዳ፣ ከጥናት ወይም ከጫጫታ በኋላ መሆኑ ይታያችኋል። እረፍቱን ከመፈንዳቱ በፊት አድርጉት፦ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ደብዘዝ ያለ ብርሃን፣ ስክሪን የሌለበት። ከፈነዳ በኋላ የሚሰጥ እረፍት ቅጣት ይመስለዋል።

ትእዛዝም አንድ በአንድ ይሁን። ቴሌቪዥን እየጮኸ «ጫማህን አውልቅ፣ እጅህን ታጠብ፣ መጥተህ ብላ» ሲባል አንድ ጫማ በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። እልኸኛ ሆኖ አይደለም፤ የተያዘለት የመጀመሪያው ቃል ብቻ ነው።

ወንድምና እህት «እኔ ባደርገው ትቆጡኝ ነበር» ማለታቸው አይቀርም። እውነታቸውን ነው። መማታት ለሁሉም ክልክል እንደሆነ፣ እሱን ግን የምናናግረው ሲረጋጋ እንደሆነ አስረዷቸው። ጠባቂ አታድርጓቸው። እናትና አባትም አንዱ አባባይ ሌላው ቀጪ ከሆኑ ነገር ይበላሻል፤ ልጁ ሲተኛ ተነጋግራችሁ ተስማሙ፣ ሌሊቱንም ተራ ግቡበት።

ለመምህሩ ራሳችሁ ንገሩት፣ ሰነፍ ነው ብሎ እንዳይደመድም። ግጭትና መውደቅ ያለበት ጨዋታ ሐኪም ሳይፈቅድ አይሞከርም።

ደብተሩን ልጁ ሲሻለው አትጣሉት። አንጎል እስከ 20ዎቹ ዕድሜ ማደጉን ስለሚቀጥል፣ በ6 ዓመቱ የደረሰ ጉዳት ማቀድና ራስን ማደራጀት በሚጠየቅበት በ12 ወይም በ13 ዓመቱ አዲስ ችግር ሆኖ ብቅ ሊል ይችላል። ያኔ የሚያየው ሐኪም ሌላ ሊሆን ስለሚችል ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ።