ጡት ሲቆጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ጡት የሚመረምር ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ከደምቢያ ወይ ከአዘዞ የመጣች እናት ፌስታሏን ፈታ ባዶ የመድኃኒት ካርቶኖች ትደረድራለች። ክሎክሳሲሊን፣ ከዚያ ሌላ አንቲባዮቲክ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ጡቷ ግን እንዳበጠና እንደሞቀ ነው። ጤና መኮንኖችና ወጣት ሐኪሞች፣ እባካችሁ! የምታጠባ ሴት ጡቷ ቢመረቅዝ አንቲባዮቲክ መስጠት ትክክል ነው። በሳምንት በአሥር ቀን ካልተሻላት ግን ሁለተኛ ካርቶን አትጻፉ፤ አልትራሳውንድና ናሙና እዘዙ። የማታጠባ ከሆነችማ ከመጀመሪያው ካንሰር ጠርጥሩ።

ኢንፌክሽን የሚመስል የጡት ካንሰር አለ። የካንሰሩ ሴሎች በቆዳው ውስጥ ያሉትን የሊምፍ ቱቦዎች ይደፍናሉ። ፈሳሹ መውጫ ያጣል፤ ጡቱ በሳምንታት ውስጥ ያብጣል፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይወፍራል። ጀርም ስለሌለው አንቲባዮቲክ አይነካውም። ሲገኝ ከአራቱ የካንሰር ደረጃዎች ቢያንስ ደረጃ 3 ደርሷል። ታዲያ በኪኒን የባከነው ወር ቀላል ነው?

«አልቀላም» ብሎ መተው ሌላው ስህተት ነው። መጻሕፍቱ ላይ ያለው ቅላት የነጭ ቆዳ ነው። እኛ ላይ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ይላል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይለይም። በእጃችሁ ጀርባ ነክታችሁ ሙቀቱንና ውፍረቱን ከሌላኛው ጡት ጋር አስተያዩ።

ጓል (በእጅ የሚዳሰስ ጠጣር እብጠት) እስኪወጣ መጠበቅም አያዋጣም፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ጓል የለውም።

«ዶክተር፣ ቶሎ ቆርጣችሁ ጣሉልኝ» የሚሉ አሉ። የዚህ ካንሰር ቅደም ተከተል ግን መጀመሪያ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት)፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ጨረር ነው።

ደግሞ ኢንተርኔት ያነበቡ ይመጣሉ፦ «ካንሰርን የሚያባብሰው ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ከሆነ አስፕሪን ልዋጥ?» መነሻው እውነት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኮ እ.ኤ.አ. በ1863 ዕጢ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎችን አይቷል። ሊዋጉ የገቡት ሴሎች ዕጢው ውስጥ ጠባያቸው ይለወጥና የሚያሳድጉት ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ፣ አዲስ የደም ሥር ያበቅሉለታል። መድኃኒቱ ግን ተሞክሯል። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከ3,000 በላይ የጡት ካንሰር ታካሚዎች ተሳትፈው፣ ግማሾቹ በየቀኑ 300 ሚሊ ግራም አስፕሪን ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው ውጤት ካንሰሩ እንዳይመለስ አላደረገም። ጨጓራ ማድማቱ ግን የታወቀ ነው።

የሚያቃጥል ቅጠል ጡት ላይ መለጠፍ ይቅር፤ ቁስል ይጨምራል፣ ምርመራውንም ያወሳስባል። ጠበሉን ማንም አይከለክልሽም እህቴ፣ ቀጠሮሽን ብቻ አታሳልፊ። «መርፌ ከነካው ይሰራጫል» ብለሽም ናሙና አትፍሪ፤ ያለ እሱ ኬሞ የሚጀምርልሽ ሐኪም የለም።