ቤት የሚሠራ ፉል እምቢ ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

ባቄላ መልቀም፣ ማጠብና ማታ መዘፍዘፍ ለማንም አዲስ ስላልሆነ አልመለስበትም። የምጽፈው ይህ ሁሉ ተደርጎም ፉሉ እምቢ ለሚላቸው ነው። ጥሩ የቤት ፉል ለስላሳ የሚሆነው ከራሱ ከባቄላውና ከተቀቀለበት ውሃ ነው፤ ዘይት ለመዓዛ ብቻ ይገባል። ባቄላው ሳይበስል ሲቀር ግን ሰዉ ጉድለቱን በዘይት ሊሸፍን ይሞክራል፤ ለጤና ተብሎ የተጀመረው ቁርስ በዘይት ተነክሮ ያልቃል።

ምልክት፦ ግማሽ ቀን ተቀቅሎም ጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል

ፉል አልሆነልኝም የሚለኝ ሰው ሁሉ ከሞላ ጎደል ይዞት የሚመጣው ይህንን ነው። ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም።

መጀመሪያ የምጠረጥረው የባቄላውን ዕድሜ ነው። ባቄላ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ሲከርም ሴሎቹን አያይዞ የያዘው ፔክቲን በሙቀት መሟሟቱን ይተዋል። ከዚያ ወዲያ የቱንም ያህል እሳት ቢነድበት ቅርፁን እንደያዘ ይቀራል። የሚያናድደኝ የከረመውን ከአዲሱ ቀላቅለው የሚሸጡት ናቸው። አንዲት ጎረቤቴ እንዲህ ያለ ባቄላ ገዝታ ለጾም ቁርስ እንግዳ ጠራች። ገሚሱ ፈርሶ ሙክ ሲሆን ገሚሱ እንደ ጠጠር ቀረ። አሁንም ልቀቅለው ብትል የፈረሰው ሊያርባት፣ ላውጣው ብትል ያልበሰለው ሊቀርባት ሆነ። ኢትዮጵያ በባቄላ ምርት ከቻይና ቀጥላ የምትጠራ አገር ናት፤ ያረጀ ባቄላ የምንበላበት ምክንያት የለም። አዲሱ ምርት ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ይገባል፤ የዓመቱን ያኔ ግዙ። ቀለሙ ፈካ ያለውን ምረጡ፤ ሲከርም ወደ ጥቁር ቡናማ ይሄዳል። ከተዘፈዘፈ በኋላ አንዱን ፍሬ ለሁለት ክፈሉት፤ መሐሉ ላይ ደረቅ ነጭ ነገር ካለ ውሃው ገና አልገባም፣ እሳት ላይ አይጣድም።

ሁለተኛው አሲድ ነው። ብቻውን የሚኖር አንድ ወጣት ባቄላውን፣ ቲማቲሙን፣ ሎሚውንና ሽንኩርቱን አንድ ላይ ጥዶ ጋዙ እስኪያልቅ ቀቀለ፤ ባቄላው ግን ንቅንቅ አላለም። ቲማቲምና ሎሚ ፔክቲኑን ያጠነክሩታል። ባቄላው በሁለት ጣት ሲጫኑት ሳይታገል ካልፈረሰ በቀር ቲማቲም አይግባ። ሎሚ ደግሞ ከእሳት ሲወርድ ብቻ! ሳይበስል ቀድሞ ከገባ ግን ባቄላውን አጥልላችሁ፣ አጥባችሁ፣ በአዲስ የፈላ ውሃ ጀምሩ።

ሦስተኛው ውሃው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የተዛወረች ወዳጄ ያንኑ ባቄላ በዚያው ድስት ብትቀቅል አልበስል አላት። የድሬዳዋ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው ያ ነው፣ የባቄላውንም ልጣጭ ያጠነክራል። ውሃውን ቀድማችሁ አፍሉት፣ ይቀዝቅዝ፣ ነጩ ሲዘቅጥ ከላይ ቅዱ።

አራተኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ከውጭ የመጣ ዘመድ «እኛ ጋ እኮ በአንድ ሰዓት ይበስላል» ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ የእሱ ውሃ ግን 100 ዲግሪ ይደርሳል።

የአራቱም መፍትሄ ከዘፈዘፉበት ውሃ ይጀምራል። ለ2 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ዘፍዝፉ፤ ጠዋት ውሃውን ድፉና እጠቡ። ጨው ባቄላ ያጠነክራል ሲባል የኖረው ትክክል አይደለም፤ ሶዲየሙ በልጣጩ ውስጥ የካልሲየሙን ቦታ ስለሚወስድ ያለሰልሰዋል። ካልበቃ በመቀቀያው ውሃ ላይ ለግማሽ ኪሎ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ። ቤኪንግ ፓውደር አላልኩም! ፓውደሩ አሲድ አለበት። ሶዳውንም አታብዙ፤ የሳሙና ጣዕም ያመጣል፣ ቫይታሚን ቢ1ንም ያጠፋል።

ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ከቻለ በፕሬዠር ኩከር ይቀቅል፤ ውስጡ ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ የተዘፈዘፈ ባቄላ ከ25 እስከ 35 ደቂቃ ይበቃዋል። ግን ከግማሽ በላይ አትሙሉት። ባቄላ አረፋ ያነሳል፣ ልጣጩ የእንፋሎቱን ቀዳዳ ይደፍናል። ጎማው የደረቀና የተሰነጠቀ ክዳን አትጠቀሙ። ርካሽ ነው ተብሎ ልኩ ያልሆነ ጎማ የሚገጥምም አለ፤ አንድ የማውቀው ቤት ቀዳዳው ተደፍኖ የደኅንነት ቫልቩ ፈንድቶ ባቄላው ኮርኒስ ላይ ተለጥፎ ነበር፣ ልጅ አጠገቡ አለመኖሩ ነው ያተረፋቸው። እንፋሎቱ በራሱ ሳይወጣ ክዳኑን በኃይል አትክፈቱ። በጭራሽ።

ምልክት፦ ይመራል፣ መልኩም ጠቁሯል

የተዘፈዘፈበት ውሃ ሳይደፋ ተቀቅሏል፤ የልጣጩ ታኒን ነው። ወይም ነጭ ሽንኩርቱ አሯል።

ምልክት፦ ልጣጩ አፍ ውስጥ ይቀራል

ባቄላው ትልልቅ ፍሬ ነው። ለፉል ትንሹን ፍሬ ግዙ።

ምልክት፦ ድስት ላይ ደህና ነበር፣ ሳህን ላይ ደረቀ

ስታርቹ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። እዚህ ላይ ነው ዘይት የሚፈስሰው፣ እኔም እዚህ ላይ ነው የምቆጣው። የተቀቀለበትን ውሃ አትድፉት፤ አንድ ሁለት ጭልፋ ለብቻ አስቀምጡ። ባቄላውን ሙሉ በሙሉ አትፍጩት፤ ሲሶውን ያህል በብርጭቆ ቂጥ ደቁሱና ቀሪውን ፍሬ እንዳለ ተዉት፤ ከዚያ ያንን ውሃ ትኩሱን እያፈሰሳችሁ አማስሉ። ከምትፈልጉት ትንሽ ቀጠን ሲል አውርዱ። ለግማሽ ኪሎ ደረቅ ባቄላ ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ከሙኑን ለማቁላላት 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት በቂ ነው። ከላይ የሚነሰነሰው ጥሬ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ቀሪውን ጣዕም ይሰጣል፤ ጾም ካልሆነ እርጎ ጣል ማድረግ ነው።

ምልክት፦ ሆድ ይነፋል

ራፊኖዝና ስታኪዮዝ የሚባሉት ስኳሮች ናቸው። የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ቀይሩ፤ ያልለመደ ሰውም በትንሹ ይጀምር።

ምልክት፦ ከበላ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ፊቱ ገረጣ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቱ ጠቆረ

ይህ የአሠራር ችግር አይደለም፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሴላቸው ሊፈርስ ይችላል። በደንብ ስለበሰለ ይለፍ አይባልም። ይህ ችግር እንዳለበት የተነገረው ሰው በሽምብራ ይሥራ።

በባቄላ ፈንታ በቀይ ቦሎቄ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ጥሬው መርዝነት ያለው ሌክቲን አለው፤ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 30 ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ ይፍላ። ውጭ አገር ስሎው ኩከር ውስጥ ጥሬውን ጨምራችሁ ወደ ሥራ የምትሄዱ፣ ይህን አታድርጉ። ለብ ያለ ሙቀት መርዙን አያጠፋውም።

የታሸገ ፉል ከገዛችሁ ጨውን ለመቀነስ አጥልላችሁ እጠቡት።

የተረፈውን ሳይደቆስና ቲማቲም ሳይነካው፣ ከተቀቀለበት ውሃ ጋር በየአንድ ቁርስ ልኩ ከፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ሲወጣ በደንብ ይፍላ፤ ድቆሳውም ማቁላላቱም ያኔ ይሁን።